በግራ ጆሮዬ በኩል የቆመው

ሰው ሃያ ዓመት በጋዜጠኝነት ሲቆይ ጆሮው ይደነድናል፣ እኔም ከሁለት ምንጭ ያላጣራሁትን ወሬ ለቤቴ ሰው እንኳ አላወራም፣ ወንዛዬ ፍልውኃ ዳር መንፈስ አየን ያሉ ሰዎችን አነጋግሬ የተመለስሁት የውኃውን ሙቀት ብቻ ጽፌ ነው። ይቺኛዋን ግን ራሴው በጆሮዬ ሰማኋት፣ እንደሆነችው ልንገራችሁ።

ልጅ ሳለሁ የጋዝ ምድጃ አቃጥሎኝ አንገቴ ላይ የቀረው ጠባሳ አገጬን ወደ ደረቴ ስቦ ይዞታል፣ ባለሥልጣን ስጠይቅ እንኳ ከቅንድቤ ሥር ሽቅብ እያየሁ ነው። ባለፈው ዓመት እዚሁ ባሕር ዳር ሐኪሞች ጠባሳውን በሁለት ዙር ቀዶ ጥገና ሊያላቅቁልኝ ወሰኑ። ችግሩ ማደንዘዣው ነበር። ያሬድ፣ የማደንዘዣ ባለሙያና የስምንት ዓመት ወዳጄ፣ ጣና ዳር ዓሣ እየበላን አስረዳኝ።

"እንደሌላው ሰው አስተኝቼህ ቱቦ ላስገባ ብል፣ አንገትህ ስለማይቃና መንገዱን ሳላገኘው ትንፋሽህ ይቆማል። ስለዚህ ነቅተህ፣ ራስህ እየተነፈስክ፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫህ እገባለሁ።"

"ብደነግጥስ?"

"ቱቦው ሲያልፍ መናገር አትችልም፣ እኔ ግን ጆሮህ ላይ አወራሃለሁ። የትም አልሄድም።" መዳፌን መትቶ ቃል ገባልኝ።

በቀጠሮዬ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባሁ። ጉሮሮዬን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ረጩብኝ፣ ዓይኔን በጨርቅ ሸፈኑት፣ ቱቦው ከአፍንጫዬ ወርዶ ጉሮሮዬን ሲያልፍ፣ እመኑኝ፣ የሰጠምሁ መሰለኝ፣ ልጮህ ብል ድምፅ የለኝም። በግራዬ መጀመሪያ የልብስ መተሻሸት ሰማሁ፣ ቀጥሎ ጆሮዬን የነካ ትንፋሽ፣ ቀዝቃዛ፣ የሐይቅ ዳር እርጥብ ደንገል ደንገል የሚሸት።

"አልሄድሁም" አለኝ በሹክሹክታ። "ተንፍስ። አልሄድሁም።"

ተነፈስሁ። ደጋግሞ አለኝ፣ ሰባት ጊዜ ቆጥሬያለሁ፣ ከዚያ አስተኙኝ።

ከሰዓት በኋላ ስነቃ ነርሷን ሲስተር ዘቢባን፣ "ያሬድን አመስግኝልኝ፣ እሱ ባያናግረኝ አልቆልኝ ነበር" አልኋት።

"ያሬድማ ገና ዓይንዎን እንደሸፈንን ፈርቶ ጓንቱን አውልቆ ወጣ እኮ፣ ጋሼ። የጨረሰልዎ ሌላ ባለሙያ ነው፣ እሱም ከራስጌዎ ሆኖ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።"

"በግራዬ የቆመውስ?"

"በግራዎ ማሽኑ ነው ያለው። ሰው መቆሚያ የለውም።"

ያኔ ነው የነቃሁት። ያሬድ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ እኛ "ሄድሁ" የምንለውን እሱ "ሄድኩ" ነው የሚለው፣ "ይህ 'ኩ'ህ ጣና ውስጥ ካልሰጠመ ባሕር ዳሬ አትሆንም" እያልን ስምንት ዓመት ስቀንበታል፣ አንድም ቀን "ሄድሁ" ሲል ሰምቼው አላውቅም። የሰው ንግግር ቃል በቃል መያዝ ሥራዬ ነው፣ እኔ የሰማሁት "ሁ" ነው።

በማግስቱ ያሬድ ብርቱካን ይዞ መጣ።

"ነበርህ?" አልሁት።

"ከአጠገብህ የትም አልሄድኩም፣ ወንድሜ።"

"ምን አልኸኝ ታዲያ?"

ብርቱካን መላጥ ጀመረ። "በርታ… በርታ ነው ያልኩህ።"

ፈርቼ ወጣሁ ቢለኝ፣ በእግዜር፣ አቅፌ እስመው ነበር። ልጦ ሲጨርስ ግን ዓይን ዓይኔን እያየ ያንኑ ደገመልኝ፣ የማደንዘዣው መዝገብ ላይም፣ ያልወጣ ይመስል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእሱ ፊርማ አለ፣ አስወጥቼ አይቼዋለሁ።

ሁለተኛው ዙር በሚመጣው ወር ነው። ያሬድ "እኔው ነኝ የምገባልህ" ብሎ ጽፎልኛል፣ አልመለስሁለትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከእሱ ይልቅ ያኛው በግራዬ የቆመው ቢመጣልኝ እመርጣለሁ፣ ምን ፈልጎ እንደቆየልኝ ግን አልነገረኝም።