ኮከብ ያለበት አውራ ጣት

ናዝሊ ቀኝ እጇን ከኪሷ ሳታወጣ ሦስተኛ ቀኗ ነው። በዚህ በታኅሣሥ ቃጠሎ የኬፕታውን ሰው ሁሉ ጥላ ለጥላ ሲሄድ፣ እሷ ሹራብ ደርባ እጇን ወትፋ ትዞራለች። እናቷ «አሞሻል እንዴ?» ስትላት «ኧረ ደህና ነኝ» አለቻት። ደህና አልነበረችም።

ጣጣው ያለው አውራ ጣቷ ላይ ነው። ጥቁር የጥፍር ቀለም፣ መሐሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ወርቃማ ኮከብ። «አዲስ ቀለም መጥቶልኛል፣ እስቲ ባንቺ ልሞክረው» ብለው የቀቧት እትዬ ዴዚሬ ናቸው። በቢላ ብትፍቀው ጥፍሯ ደማ እንጂ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም።

እትዬ ዴዚሬ መታወቂያቸው ላይ «ዴዝመንድ» የሚል የወንድ ስም ነው ያለው። ሠፈሩ ግን በዚያ ስም ከጠራቸው ዘመን የለውም። የናዝሊ አባት ካፒቴን የሆነበትን የአዲስ ዓመት ጭፈራ ቡድን፣ ቀሚስ ለብሰው፣ ላባ ሰክተው፣ ከፊት ሆነው መምራት ከጀመሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማ ወጥተው መድረክ ላይ ይዘፍናሉ፤ ረቡዕ ረቡዕ ለሠፈሩ ልጆች ሾርባ ይቀቅላሉ። «እንደዚህ ከሆንክማ ከቤቴ ውጣ» የተባሉ ልጆች እሳቸው ሳሎን ነው የሚያድሩት። ክሊኒክ መድኃኒት ለመቀበል የሚያፍረውንም እጁን ይዘው የሚወስዱት እሳቸው ናቸው።

የቡድኑ ልብስ ቀለም እስከ ሰልፉ ቀን ድረስ ምስጢር ነው። ሚስት ለእናቷ አትናገርም። ናዝሊ ግን አወጣችው፣ ያውም በፎቶ።

ያናደደቻት ጓደኛዋ ጆድሊን ናት። የጆድሊን ወንድም የተቀናቃኙ ቡድን ከበሮ መቺ ነው። «ዘንድሮም የአምናውን ጨርቅ አጥባችሁ ነው አይደል የምትወጡት?» ብላ ሙድ ያዘችባት። ናዝሊ ደሟ ፈላ። ያን ቀን ጥፍሯ ሲቀባ ልብሱ እዚያው ወንበር ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ የካፒቴኑ ልጅ ስለሆነች ማንም አልደበቃትም። እትዬ ዴዚሬ ሾርባቸውን ሊያማስሉ ሲነሡ የቀሚሱን ጫፍ በአውራ ጣቷ ብድግ አደረገችና በስልኳ ቀጭ! «ለማንም እንዳታሳዪ፣ በእናትሽ» ብላ ለጆድሊን ላከችላት። ሲመሽ ብርቱካናማውንም ሰማያዊውንም ያላየ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ አባቷ ቡድኑን ሰበሰበ። «የዴዚሬ ቤት እኮ ታክሲ ተራ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ከነዚያ ካስጠጋሻቸው ልጆች አንዱ ነው። ዛሬውኑ ይውጡ!»

እትዬ ዴዚሬ ተነሡ። «ልጆቹን ተዋቸው፣ ፋሪድ። ከኔ ቤት ነው የወጣው፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንግዲያው ዘንድሮ ከፊት አትሄጂም» አለ አባቷ።

ናዝሊ እዚያው ቆማ ነበር። እጇን ኪሷ ከተተች፣ በቃ።

ቀለሙን የሚያስለቅቀው ፈሳሽ ደግሞ ያለው እዚያው እትዬ ዴዚሬ ቤት ነው። የበደለችውን ሰው «ምልክቴን አጥፉልኝ» ብላ ልትለምን! በራሷ አፈረች። አፍራም ሄደች።

እትዬ ዴዚሬ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ቀሚሱን በስፒል ይይዛሉ። መቀሱ ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ነይ ግቢ፣ የኔ ቆንጆ። ምን አመጣሽ በዚህ ፀሐይ?»

«ጥፍሬን ነው… እማዬ በዚህ ቀለም ታጥበሽ ለሶላት ውዱእ አይሆንም ብላ ተቆጣችኝ።»

በጸሎትም ዋሸች። ይሄ ብቻ ነበር የቀራት።

«ቀሚሱን ምን እያደረጉት ነው?»

«ላሳጥረው ነዋ። የቡድናችን ልጅ ኤልተን ነው በኔ ቦታ የሚሄደው፤ ቁመቱ እዚህች ድረስ ናት።» ትከሻቸውን ነኩ። «ተጠላልፎ አስፋልት ላይ ቢዘረጋ የሚሳቀው በኛ ነው።» ሳቃቸው መሐል ላይ ቀረ። «አልዋሽሽም፣ ሌሊቱን ሳለቅስ ነው ያደርኩት። ሃያ ሁለት ዓመት እኮ ነው፣ ናዝሊዬ። ጨርቅ ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ።»

ጥጥና ጠርሙስ አመጡና እጇን ሳቡ። ኮከቡን ጠጋ ብለው አዩት።

«አባትሽ ያንን ፎቶ አሥር ጊዜ አይቶታል» አሉ። «ወንድ ጥፍር አያይም። እኔ ግን የእጄ ሥራ አይጠፋኝም።»

ናዝሊ ክው አለች። «ያውቃሉ?»

«የዚያኑ ዕለት ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አባት ልጁን በሰው ፊት ሲያዋርድ ብዙ አይቻለሁ። ሳሎኔ ሙሉ ናቸው። አንቺን ደግሞ አልጨምርም።» ጥጡን ነከሩ። «አምጪው፣ ላጥፋልሽና ተገላገዪ።»

ቢሰድቧት ምን ነበረበት! በጥፊ ቢሏት በተሻላት። ጥጡ ጥፍሯን ሲነካ ቀዘቀዛት፤ ያን ጊዜ እጇን መንጭቃ ነጠቀች።

«ይተዉት!»

«ናዝሊ፣ አትሞኚ።»

«መቀሱን አያንሡ፣ እትዬ። እስክመለስ ድረስ እንዳያነሡ!»

የልምምዱ ሜዳ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ሮጠች። ከበሮው ይጎሰማል፤ ኤልተን ከፊት ሆኖ የት እንደሚረግጥ ጠፍቶት ይንቀዋለላል። አባቷ ሲያያት ፊሽካውን ከአፉ አወጣ፤ ከበሮውም ቆመ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

«ምን ሆነሽ ነው? ማን ነካሽ?»

ወደ ኋላ ማለት ይቻል ነበር። «እማዬ ምሳ ደርሷል ብላ ነው» ብትል ያምናት ነበር።

«አባዬ» አለችና ቀኝ እጇን ከኪሷ አወጣች፤ «ስልክህን አምጣው። ያንን ፎቶ ክፈተው።»