ካሜራዋን ያልያዘች ዕለት

ኢንስፔክተር ሀጂራ ከፍኖተ ሰላም ተጠርታ ቡሬ ስትደርስ አስከሬኑ ገና ከገደሉ ሥር አልተነሣም ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሸለቆው በወይራና በጥድ በተሸፈነበት ቦታ፣ የዱር አራዊት ፎቶ አንሺዋ አምለሰት በጀርባዋ ተንጋላ ነበር። የአፈር መልክ ያለው ጃኬት ለብሳለች። ከጎኗ የተከፈተ ሰንጢ ወድቋል። ዓይኖቿ ተከድነዋል።

ሀጂራ ተንበርክካ ፊቷን ስታይ ቆየች።

«ያገኛት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እሜቴ» አሉ አያ ገነነ፣ ከሸለቆው አፋፍ የሚኖሩ አዛውንት ገበሬ። «የጠፋች ፍየሌን ፍለጋ ብወርድ አየኋት።»

«ዓይኗን የከደኑት እርስዎ ነዎት?»

«ኧረ እኔስ! በስመ አብ ብዬ ነው የሸሸሁ። በእጄም አልነካኋት።»

ሀጂራ ፖሊሶቹን ከታች ትታ ብቻዋን ወደ ገደሉ አናት ወጣች። እዚያ አምለሰትና ጓደኛዋ ህይወት ከቅጠል የሠሯት መደበቂያ ጎጆ አለች። ሁለቱም ፎቶ አንሺዎች ናቸው፤ ክረምቱ ካበቃ ጀምሮ እዚያ ተደብቀው አንዲት ነብር ከነግልገሎቿ እስክትወጣ ይጠብቁ ነበር። ከጎጆዋ ፊት ለፊት፣ የጠዋት ፀሐይ ቀድማ በምታርፍበት ጠፍጣፋ ዓለት አጠገብ፣ አዲስ ካስማ ተተክሏል። ከካስማው ላይ አጭር ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ በስለት ተቆርጧል። ከዓለቱ ዳር ካለው እሾህ ላይ ደግሞ ነጭ ነጠላ ተይዞ ነፋስ ያራግበዋል። ሀጂራ ነጠላውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለማንም አልተናገረችም።

የአምለሰት ወንድም ይሄይስ ቡሬ ውስጥ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለው። ሁለቱ ሴቶች የሚያድሩት እዚያው፣ በአንድ ክፍል ነበር።

«ካሜራዋ የት ነው?» አለችው ሀጂራ።

«ክፍሏ ውስጥ። ግራ የገባኝም እሱ ነው። ካለ ካሜራ ወደዚያ ሸለቆ ወርዳ አታውቅም። ልጅ እያለን ወፍ ካየች ትንፋሿን ትይዝ ነበር። እንዳትበርር ብላ። እኔንም አፌን በእጇ ትይዘኝ ነበር።»

«ሰሞኑን ከማን ጋር ተጋጨች?»

«ከአያ ገነነ ጋር። ነብሯ ጥጃ በልታባቸው መርዝ አስቀምጣለሁ ብለው ዝተው ነበር። እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነቻቸው።»

«ከሌላስ?»

ይሄይስ አመነታ። «ከህይወት ጋር ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። አምለሰት ‹አምኖሽ የሚመጣን እንስሳ አታታልዪም› ትላት ነበር። ስለ ምን እንደሆነ አላውቅም። እንደ እህትማማች ስለሆኑ ነገሬም አላልኩት።»

ቀብሩ ፍኖተ ሰላም ተፈጸመ። ሀጂራ ለቅሶ ስትደርስ ህይወት ከአምለሰት እናት ከወይዘሮ አልጣሽ ጎን ተቀምጣ ነበር። አሮጊቷ የልጅቷን ፀጉር እየዳበሱ «አንቺ ቀረሽልኝ፣ አንቺን ተወችልኝ» ይላሉ። ህይወት ቀና ማለት አቅቷታል።

ሀጂራ ከድንኳኑ ውጪ ጠራቻት።

«የዚያን ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ተኝቼ ነበር። ስነቃ አልጋዋ ባዶ ነው።»

«ምን ሆና ይመስልሻል?»

«እንቅልፍ አልነበራትም፤ ስለ ነብሯ ስትጨነቅ ነው የከረመች። አእምሮዋ ደህና ቢሆን ወደዚያ በነጭ ነጠላ ትሄድ ነበር? እኛ እኮ ነጭ ካልሲ እንኳ አናደርግም።»

ሀጂራ «ፈጣሪ ያጽናሽ» ብላ ተለየቻት።

በማግሥቱ አያ ገነነን ደጃቸው ላይ አገኘቻቸው።

«ፍየልዎ ተገኘች?»

«ያን ዕለት ራሷ መጣች፣ እሜቴ። አንገቷ ላይ የማላውቀው ገመድ አለ።»

ገመዱን አመጡላት። ከካስማው ላይ ከቀረው ጋር ስታጋጥመው ገጠመ።

«እንዲያው ነብር መግደል ቢያምርዎ፣ ፍየል የት ያስሩ ነበር?»

«ጥሻው አፍ ላይ ነዋ፣ ከጨለማው። ምን ብዬ ገላጣ ላይ አስራለሁ?» አንገታቸውን ደፉ። «ግን አላደረግሁትም። ያች ልጅ እግሬ ሥር ስታለቅስ ጥጃዬን ተውኩላት። እንዲህ ለአውሬ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ ሀጂራ ይሄይስን፣ ህይወትንና አያ ገነነን በእንግዳ ማረፊያው ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ አልጣሽን ግን ከለቅሶው ቤት እንዳያነሷቸው አዘዘች።

«አምለሰት ካሜራዋን ያልያዘችው ፎቶ ለማንሣት ስላልሄደች ነው» ብላ ጀመረች፤ ነጠላውንም አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይህን የለበሰችው ለመታየት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ከአውሬ ዓይን ስትደበቅ የኖረች ሴት፣ የዚያን ጠዋት ነብሯ አይታት እንድትሸሽ ፈለገች።»

«ከምን እንድትሸሽ?» አለ ይሄይስ።

«ከታሰረች ፍየል። ፍየሏ የአያ ገነነ ናት። ገመዱን በሰንጢዋ የቆረጠችው አምለሰት ናት።»

«እኔ አላሰርሁም!» አያ ገነነ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አውቃለሁ፣ ይቀመጡ። ነብር ገዳይ ቢሆን ጥሻው አፍ ላይ ያስራት ነበር፤ እርስዎም ነግረውኛል። ካስማው የተተከለው ከመደበቂያው ጎጆ ፊት፣ የጠዋት ፀሐይ በምታርፍበት ቦታ ነው። ፍየሏ ለጥይት አይደለም የታሰረችው፣ ለብርሃን ነው። ያሰራት ፎቶ አንሺ ነው።»

«ራሷ አምለሰት ብትሆንስ?» አለ ይሄይስ፤ ፊቱ ግን መገርጣት ጀምሯል።

«እሷ ብትሆን ካሜራዋን ትታ አትሄድም።»

ህይወት እጆቿን ጭኖቿ መካከል አጣብቃለች።

«ነጠላውን ከእሾህ ላይ ያነሣሁት ብቻዬን ነው» አለች ሀጂራ ዝግ ብላ። «ከታች አይታይም፤ ለማንም አልተናገርኩም። አንቺ ግን ነጭ ነጠላ መልበሷን ነገርሽኝ። ዓይኗንም የከደነላት ሰው አለ፤ አያ ገነነ አልነኳትም። ከገደሉ አናት አብሯት የነበረ ሰው ወርዶ ነው የከደነላት። የሚወዳት ሰው ነው።»

ህይወት ቀና አለች። «አዳልጧት ነው ልልዎ ነበር፤ ግን አላዳለጣትም። ገፍቻታለሁ።»

ይሄይስ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ፍየሏን ከመንጋው ማምሻውን ወሰድኳት። አምለሰት እምቢ ብላኝ ነበር። ‹በማባበያ መምጣት ከለመደች ሰው ደጅ ትሄዳለች፣ ይገድሏታል› አለችኝ። እኔ ግን መጠበቅ ሰልችቶኝ ነበር። ጎህ ሲቀድ ነብሯ ከጥሻው ብቅ አለች፤ ግልገሎቿ ከኋላዋ፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። አምለሰት እየጮኸች፣ ነጠላዋን እያውለበለበች ደረሰች። ነብሯ ጠፋች። እሷም ገመዱን ቆርጣ ፍየሏን ስትለቅ፣ ከጎጆዋ ወጥቼ በሁለት እጄ ገፋኋት፤ ገደሉ ጭራሽ ትዝ አላለኝም።»

«ስትወርጂ በሕይወት ነበረች?» አለ ይሄይስ።

«ጥቂት። እጄን ይዛ ነበር።»

«ሰው አልጠራሽም?»

«አልጠራሁም። ፈራሁ።»

ጠረጴዛው ላይ የህይወት ስልክ ጮኸ። ስሙ ለሁሉም ይታያል፤ «እማማ አልጣሽ» ይላል። ህይወት እጇን አልዘረጋችም። ይሄይስ አነሣው።

«ህይወቴ፣ የት ጠፋሽ?» የአሮጊቷ ድምፅ ጸጥ ያለውን ክፍል ሞላው። «እህል ሳትቀምሺ ነው የወጣሽ። ምሳሽን አስቀምጬልሻለሁ።»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አለ ይሄይስ። ዓይኑን ከህይወት ላይ ለመንቀል ታገለ። «ምሳውን ተይው። እኔ መጣሁ፣ እማዬ፤ ብቻዬን ነው የምመጣ።»

ስልኩን ህይወት ፊት በቀስታ አስቀመጠና ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ መኪና ሊፈልግ ወጣ።