ሦስት ጠብታ

መካኒኩ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ አየና ሊዘጋው እጁን ዘረጋ። የባለመኪናው ልጅ ተስፋ ቆረጠች። ከትናንት በስቲያ የመጣው ገዢም፣ ትናንት የመጡት ባልና ሚስትም ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ከፈቱ፣ ተያዩ፣ «እንደውላለን» ብለው ሄዱ። የደወለ የለም።

መካኒኩ ግን ኮፈኑን ሳይዘጋው ቆመ።

«ይሄን ሞተር ማነው ያጠበው?»

«እኛ ነና» አለች እናቷ ፈጠን ብላ። «እኔና ልጄ። ቅዳሜን ሙሉ በጥርስ ብሩሽ ስንፈትግ ነው የዋልነው።»

እውነቷን ነው። የልጅቷ ክንድ እስከ ዛሬ ይጠዘጥዛታል።

«በጥርስ ብሩሽ?» መካኒኩ ሳቅ አለ። ሰፈሩ የሚጠራው «ጆሮ» እያለ ነው፤ ሞተር ሳይፈታ በድምፁ ብቻ በሽታውን ያውቃል ይባላል። «እትዬ፣ አይቀየሙኝና እንዲህ የተወለወለ ሞተር ሳይ ምን ደብቀውኝ ነው እላለሁ። ሁሉም መካኒክ እንደዚያ ነው። አቧራውንና ዘይቱን ቢተዉልኝ ኖሮ የቱ ጋ እንደታመመች አነብ ነበር።»

ልጅቷ በሆዷ «ለካ ራሳችንን በላን» አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው የሸሸው ከመኪናው እርጅና ሳይሆን ከእነሱ ጽዳት ነው።

መካኒኩን ይዛ የመጣችው ገዢ ነርስ ናት። ከሥራ በቀጥታ መምጣቷ ከነጭ ጫማዋና ከቀሉት ዓይኖቿ ያስታውቃል። አጥሩን ተደግፋ «ታዲያ ስንት ታወጣለች?» አለችው።

«ጤነኛ ብትሆን የጠሩት ዋጋ አይበዛባትም። ድምፅዋ የዛሬዋን ብቻ ነው የሚነግረኝ፤ የኋላዋን ሳላውቅ ግን ሞተሯ ወርዶ መታደስ ሊኖርበት ይችላል ብዬ ነው የምገምተው። ግማሹን ስጪ።»

«ግማሹን?» አለች እናቷ።

አባቷ ደረጃው ላይ ጥቁር መነጽር አድርጎ ተቀምጧል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህች መኪና ሰው አመላልሶባታል፤ አስፋልቱና የእግረኛው መንገድ አልለይ እስኪሉት ድረስ። የዓይኑ ቀዶ ጥገና ሰኞ ነው። ግማሹ ዋጋ ለአንዱም ዓይን አይበቃም። «አንተ አትናገር፤ የሆድህን ዘርግፈህ ገዢ ታሸሽብናለህ» ብላ ሚስቱ ስላስጠነቀቀችው ጉልበቱን ይዞ ዝም ብሏል።

«ዘይት ታንጠባጥባለች?» አለ ጆሮ።

«ኧረ ጠብ አትልም» አለች እናቷ። ድምፁ የእሷ አይመስልም። ልጇን አላየቻትም።

ልጅቷ ግን የምታውቀውን ታውቃለች። አባቷ ማታ ማታ ሞተሩ ሥር ካርቶን ያነጥፋል፤ ጠዋት እያወጣ ጠብታዎቹን በእስክሪብቶ ይከብብና ቀን ይጽፍባቸዋል። ዓይኑ ሲደክም ሥራው ወደ እሷ ዞረ። ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ «ዛሬስ ስንት?» ይላታል፣ ትነግረዋለች። ቅዳሜ እናቷ «ይሄን ያየ ማን ይገዛታል?» ብላ ካርቶኑን አልጋ ሥር ከተተችው። ልጅቷም እናቷ ሳታይ በየማታው እያነጠፈች፣ ጠዋት መልሳ ትደብቀዋለች። አባቷ መጠየቁን አልተወማ።

«እኔ የምፈልገው ጠዋት ወደ ሥራ ተራዬ ስሄድ መንገድ ላይ እንዳትገትረኝ ብቻ ነው» አለች ነርሷ። ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገች። ልትሄድ ነው።

ካርቶኑን ብታወጣው እናቷ በሰው ፊት ውሸታም ትሆናለች። ባታወጣው ደግሞ ወይ ግማሽ ዋጋ፣ ወይ ሌላ «እንደውላለን» ነው። ልጅቷ ደክሟታል። መፈተጉም፣ መደበቁም፣ በር እያዩ መዋሉም።

ወደ ቤት ገባች። አልጋው ሥር ተንበርክካ የታጠፈውን ካርቶን ሳበችና ይዛው ወጣች። እናቷ ስታያት ራሷን በቀስታ ነቀነቀች፤ አይሆንም ማለቷ ነው። ልጅቷ ካርቶኑን መካኒኩ እግር ሥር ዘረጋችው።

አባቷ ወደ ድምፁ ዞረ። ካርቶን ሲዘረጋ የትም ቢሆን ያውቀዋል።

«ዛሬስ ስንት?» አለ፣ እንደ ልማዱ።

ልጅቷ እናቷን አየቻት።

«ሦስት» አለች። «ትናንትም ሦስት። ካቻምናም ሦስት ነበረ፣ እዚህ ጋ አለ።»

ጆሮ «አልባሰባትም ማለት ነው» ብሎ ቁጢጥ አለና ከዳሩ ጀምሮ ቀኖቹን ማንበብ ጀመረ። ነርሷም ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ አጎነበሰች። ታጥፎ የኖረው ጫፍ ግን እየተጠቀለለ አላነብ አላቸው።

እናቷ ቆማ ቆማ መጣች። ተቀመጠችና የተጠቀለለውን ጫፍ በመዳፏ ተጭና ያዘችላቸው።