በሰው ፊት

ሐዳሳ የሆሳዕና ልጅ ናት፤ ታዴዎስ ደግሞ የዱራሜ። ያን ያህል ሳይራራቁ አድገው የተገናኙት ስዊድን፣ ለሁለተኛ ዲግሪ በሄዱበት ዩኒቨርሲቲ ነበር። የእሷ ቤት ሀዲይኛ፣ የእሱ ከምባትኛ ስለሆነ ፍቅራቸው በአማርኛ ሆነ።

የክፍሉ ነገር ሁለቱንም ግራ አጋባቸው። ተማሪው ሳንድዊቹን እየገመጠ ፕሮፌሰሩን በስሙ ጠርቶ «ተሳስተሃል» ይለዋል። ሐዳሳ ቶሎ ለመደችው። ታዴዎስ ግን መምህሩ ሲገባ ብድግ ማለቱን አልተወም። ሌሎቹ ሲሳሳቁበት አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ እሷ ታየውና ሆዷ ይባባል።

በሁለተኛው ሴሚስተር ስለ እንሰት በሽታ የጻፈችውን ጥናት አቀረበች። እንዲተቻት የተመደበው ታዴዎስ ነበር፤ አስቀድመው መነጋገር ደግሞ አይፈቀድም። ተነሣ፤ ዓይን ዓይኗን አያትና «እንከን የለውም» ብሎ ተቀመጠ። ስህተቶቹን አንድ በአንድ ያወጣው ፕሮፌሰሩ ሆነ። ሐዳሳ እዚያው እንደቆመች ሰማች።

ከክፍል ሲወጡ ታዴዎስ ሦስት ገጽ ማስታወሻ ሰጣት። ስህተቶቹን ሁሉ አይቷቸው ኖሯል።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አንቺን በሰው ፊት ማረም አልሆነልኝም።»

«እዚህ አገር ዝምታ አክብሮት አይደለም። አዋረድከኝ። ከዛሬ ጀምሮ አጠገቤ እንዳትቀመጥ።»

አልተቀመጠም። አራት ወር ሙሉ ከኋላ፣ ብቻውን ተማረ። ልትታረቀው ባሰበች ቁጥር ለነገ ታሳድረዋለች። ለእረፍት አገሩ ሲገባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዱራሜ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ከሞቱት አንዱ እሱ ነበር።

አሁን ሐዳሳ ሆሳዕና ታስተምራለች። ክፍል ስትገባ ተማሪዎቿ ብድግ ይላሉ። ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ ግን ከኋላ አንድ ሰው እንደቆመ የቀረ ይመስላታል። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረች።

ባለፈው ጥር ከመናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፍራ ዱራሜ ሄደች። እናቱ ወይዘሮ ሶስና አብራው የተማረች መሆኗን ሲሰሙ አስገብተው አስቀመጧት። ስለ አገሩ ብርድ፣ ስለ ምግቡ ጠየቋት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ እዚያ ሰው ነበረው? በስልክ ስጠይቀው ዝም ይለኝ ነበር።»

ሐዳሳ ለማጽናኛ ያዘጋጀችውን ቃል ተወችው።

«እኔ ነበርኩለት፤ እወደው ነበር» አለች። «መጨረሻ ላይ ግን ብቻውን ተውኩት።»

ወይዘሮ ሶስና ተነሥተው በሩን ዘጉና ተመልሰው አጠገቧ ተቀመጡ።

«የከፋውንም ሳታስቀሪ ንገሪኝ» አሏት።