ላፕቶፑ ሲቀዘቅዝ

ውሸት ልንገራችሁ ብል ከዚህ የተሻለ እዋሽ ነበር። ይሄ ግን በዓይኔ ያየሁት ነው። ስሜ እምነት ነው፤ ያላመነኝ ይተወው።

ባለፈው መጋቢት፣ ረቡዕ ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል። መርካቶ። በጠራራ ፀሐይ!

ጨለማ የለ፣ ብቻዬን አይደለሁ... ውጪ ኩሊው «ዞር በሉ!» እያለ ይጮሃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ ማርያማዊት ጥቅምት ላይ ሞተችብን። የሳንባ ምች፣ በአምስት ቀን።

ስልኳ በለቅሶው ግርግር ጠፋ። ድምጿ የቀረው ላፕቶፗ ውስጥ ብቻ ነው። ሬዲዮ ላይ መሥራት ትመኝ ስለነበር ጋዜጣ እያነበበች፣ እየተሳሳተች፣ በራሷ እየሳቀች ስትቀዳ ነው የኖረችው።

እናቴ በየቀኑ ትከፍተዋለች። ሰምታ ስትጨርስ አታጠፋውም። እንደበራ በጋቢ ጠቅልላ አልጋ ላይ ታስተኛዋለች።

«እማ፣ ይቃጠላል እኮ! አየር ይፈልጋል!»

«ይበርዳታል።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እኔ እንደፈለገች ተውኳት። ጥፋቴ እሱ ነው።

አምስት ወር ሙሉ እንዲህ ታፍኖ ከረመ። ከዚያ በየሰባት ደቂቃው ድርግም ማለት ጀመረ።

መርካቶ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ሙደሲር የሚባል ልጅ አለ፤ በቆርቆሮ የተሠራች ትንሽ ሱቅ አለችው። እሱ ጋ ሄድን። እናቴ ለማንም አላስይዝም ብላ ላፕቶፑን ከቤታችን፣ ከአማኑኤል ሰፈር ጀምሮ አቅፋው ነው የመጣችው። ሙደሲር ከፍቶ አየው፣ አቧራውን አራገፈ፣ ከዚያ እናቴ እንዳትሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እምነት... ሙቀት በልቶታል። ከዚህ በኋላ ብዙ አይቆይም።»

«ዲስኩን ነቅለህ በሌላ ማሽን ገልብጠዋ!»

«ፋይሎቹ ያሉበት ቺፕ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። እዚሁ ላይ ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ሳይቋረጥ መሥራት አለበት። መሃል ላይ ከጠፋ አይመለስም... ወላሂ አይመለስም።»

«እና?»

«ኩሊንግ ፓድ፤ ከሥሩ ሆኖ በፋን የሚያቀዘቅዝ። ሩጪ፣ ደህናውን ምረጪ።»

ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቆቹ ሮጥኩ። የመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ አምስት ፋን ያለው፣ ሰማያዊ መብራት የሚያንቦገቡግ አየሁና ያዝኩት።

«ተይው እህቴ፣ እሱ ለሠርግ ነው» አለችኝ ሻጯ፤ ጠሂራ ትባላለች። «መብራት አያቀዘቅዝም። ያንቺ ላፕቶፕ አየር የሚስበው በየት በኩል ነው?»

«ከሥሩ፣ መሃል ላይ።»

ሁለት ትልልቅ ፋን ያለው፣ ላዩ የብረት ወንፊት የሆነ አወጣች። ሰካችውና ቁራጭ ወረቀት ጣል አደረገችበት። ወረቀቱ ተስፈንጥሮ ፊቴን መታኝ።

«ነፋሱን ነው መግዛት» አለች።

ዋጋ ሳልከራከር ገዛሁ። እኔ፣ መርካቶ ያደግኩት! የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ላፕቶፑን ወንፊቱ ላይ አስቀመጥነው። ሙደሲር ሙቀቱን የሚያሳየውን ቁጥር ስክሪኑ ጥግ ላይ አወጣው። ዘጠና አራት ዲግሪ ይላል። ፍላሽ ሰክቶ መገልበጥ ጀመረ።

ሰማንያ... ሰባ... ሃምሳ አምስት...

«አልሃምዱሊላህ!» አለ ሙደሲር። እኔም እፎይ አልኩ።

አርባ። ሰላሳ።

ሃያ።

ሙደሲር መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አጠለቀው።

«ምነው?»

«ፋን እኮ የክፍሉን አየር ነው የሚነፋው... ከክፍሉ በታች አያቀዘቅዝም።»

ክፍሉ ደግሞ እሳት ነበር። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

አስራ አንድ።

«ቁጥሩ ተበላሽቶ ነዋ!» ብዬ ጮህኩበት። ስፈራ እናደዳለሁ፤ አመሌ ነው። ላረጋግጥ ብዬ እጄን ኪቦርዱ ላይ ጫንኩ።

ወዲያው አነሳሁት።

ያንን ቅዝቃዜ አውቀዋለሁ... ጥቅምት ላይ ግንባሯን ስሜ ስሰናበታት ከንፈሬ ላይ የቀረው ነው።

ስድሳ ሁለት ፐርሰንት ተገልብጧል። ስፒከሩ ትሽሽ... አለ። ምንም የተከፈተ ፋይል የለም።

«...እማ።»

የእሷ ድምፅ ነው።

ሙደሲር «አዑዙ ቢላሂ» እያለ ወንበሩን ወደኋላ ገፋ።

«...እማ... በረደኝ።»

እንዲህ የሚል ቅጂ የለም። ሁሉንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ። የለም!

እናቴ ከተቀመጠችበት ዱካ ብድግ አለች። «እኔን! እኔን ይብረደኝ ልጄ! እምነት፣ ነፋሱን አጥፊው!»

«አይቻልም እማ! ነፋሱ ቆሞ ላፕቶፑ ከጠፋ ድምጿን ዳግመኛ አናገኘውም።»

«ይኸው እያናገረችኝ አይደል! አጥፊው በሞቴ!»

እጇን ወደ ፋኑ ገመድ ሰደደች። ያዝኳት። የገዛ እናቴን እጅ ጠምዝዤ ያዝኩ።

«ሰባ ስድስት ፐርሰንት...» አለ ሙደሲር።

«...እምነት።»

እኔን ጠራችኝ።

«...እምነትዬ... ዝጊው... በረደኝ...»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አልዘጋሁትም። ዓይኔን ፐርሰንቱ ላይ ተከልኩ። ሰማንያ ሰባት። ዘጠና አንድ። እህቴ ስፒከሩ ውስጥ ጥርሷ ሲንገጫገጭ እየሰማሁ «ትንሽ ቻይው፣ ትንሽ ነው የቀረው» እላታለሁ። ለእናቴ ብዬ ነው። እውነቴን ነው፣ ለእናቴ ብዬ ነው...

መቶ።

የፋኑን ገመድ ነቀልኩት። ላፕቶፑ ድርግም ብሎ ስፒከሩ ጸጥ አለ።

ሙደሲር ፍላሹን በሌላ ኮምፒውተር ከፈተው። ማርያማዊት ጋዜጣ እያነበበች ነው፤ ተሳሳተች፣ ሳቀች። ሁሉም አለ፣ አንድም አልጎደለም።

እናቴ ዞራ እንኳ አላየችም። ላፕቶፑ ፊት ተንበርክካለች።

ስክሪኑ ጠፍቷል። ላዩ ላይ ጉም ለብሷል። በእጅጌዬ ጠረግኩት... አልጠፋም። እጅጌዬን አየሁት፤ ደረቅ ነው።

ጉሙ ከውስጥ ነው።

«ማርያማዊት?» አለች እናቴ በሹክሹክታ፣ መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጥፋ።

ከመዳፏ ማዶ፣ ጉሙ ላይ፣ አንድ ጣት የሚያህል መስመር ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ተጠረገ... ከጎኑ ሌላ መስመር... ከጎኑ ሌላ...