ስንት ታጨሳለህ?

ልዕልት የምትሠራበት ሱቅ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ነው፤ ዴንቨር አልቆ ኦሮራ ሊጀምር ሲል። የሚሸጠው ቬፕ ነው፤ በሲጋራ ፋንታ የሚሳብ፣ በባትሪ የሚሠራ የኒኮቲን እንፋሎት። እናቷ ወይዘሮ አበዛሽ ግን ልጃቸው የስልክ ዕቃ እንደምትሸጥ ነው የሚያውቁት። አንድ ጊዜ እንዲያውም ቻርጀር አምጪልኝ ቢሏት፣ ከሌላ ሱቅ ገዝታ «በሠራተኛ ዋጋ ነው ያገኘሁት» ብላ ሰጥታቸዋለች።

ከባንኮኒው ጀርባ ሐበሻ ሴት ልጅ ቆማ ሲያይ፣ ለማጨስ የመጣ ሐበሻ ወንድ አንድ ነገር ነው የሚያደርገው፤ ስልክ የተደወለለት መስሎ ውልቅ ይላል። ልዕልት ይሄን ለምዳዋለች። በፈረንጆቹ 2014 መኸር ላይ የገባው ረጅም ልጅ ግን አልወጣም። ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልሱ የሸትል ሹፌሮች የሚለብሱትን ጃኬት ለብሷል። የማስቲካው ሽታ ከሰላምታው ቀድሞ ደረሰ።

«ሐበሻ ነሽ እንዴ?» አላት።

«ነኝ። ምን ልርዳህ?»

«ለጓደኛዬ ነበር። ሲጋራ ማቆም ይፈልጋል።»

«ጓደኛህ በቀን ስንት ያጨሳል?»

«ሦስት ቢሆን ነው።»

«ማስቲካም ይወዳል?»

ልጁ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ያምራል። «እሺ፣ እኔው ነኝ። ምናሉ እባላለሁ። ሦስቱ ግን እውነት ነው።»

ልዕልት ጣቶቹን አየች። በሌባ ጣቱና በመሀል ጣቱ መካከል ያለው ቆዳ ቢጫ ሆኗል። ሦስት ሲጋራ እንዲህ አያደርግም። ግን ደንበኛን ዋሸህ አይባልም፤ ጠርሙሶቹን ደረደረችለት።

«ቁጥሩን አየኸው? የኒኮቲኑ ጥንካሬ ነው። ዜሮ አለ፣ ሦስት አለ፣ ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት። ከበዛብህ ያዞርሃል፣ ያቅለሸልሽሃል። ካነሰህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስትስብ ትውላለህ፣ ሲጋራውንም አትተወውም።»

«የእኔን በምን አውቃለሁ?»

«ሰውነትህ ይነግርሃል። እኔ የማውቀው አንተ የነገርከኝን ብቻ ነው። ሦስት ካልክ ስድስት ይበቃሃል።»

ይሄን ስትል ዓይኑን አየችው። እሱ ጠርሙሱን አየ።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። የማንጎው ጣዕም አልተስማማኝም አለ፤ በሚንት ጣዕም ቀየረችለት። ደግሞ መጣ። ሚንቱ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ አለ። ቀጥሎ ባትሪው ነው ጥፋተኛው። ከዚያ የዴንቨር አየር ደረቅ መሆኑ። ልዕልት እያንዳንዱን ሰበብ በጥሞና አዳመጠች፤ ወደ ቤት ስትሄድም አውቶቡስ ላይ ስለ እሱ ታስብ ጀመር። ለምንድን ነው ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ጊዜውን አጥፍቶ፣ ሊረዳው የሚችለውን ሰው የሚዋሸው? መልሱን አጥብቃ ፈለገችው። ደግሞም፣ መደበቅ ምን ያደርጋል፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር እሱ ቢሆን ብላ ቀና ማለት ጀምራለች።

ምናሉ ሲመጣ የተሳፋሪዎቹን ወሬ ይዞ ነው የሚመጣው። ከሻንጣዋ ውስጥ ድመት ስለወጣችባት ሴትዮ ሲነግራት፣ ልዕልት ከሳቋ የተነሳ የደንበኛ መልስ ተሳሳተች። አንድ ቀን ታዲያ ድፍረቱን ሰብስቦ «ቅዳሜ ኦፍ ነኝ። ሎውሪ ጋ ፓርኩ ውስጥ ዎክ እናድርግ?» አላት። እሺ አለችው። በጣም ቶሎ እሺ ማለቷን በኋላ ላይ ስታስበው አፈረች።

ቅዳሜ ፀሐይ ነበር። ጎን ለጎን ሄዱ። ምናሉ ያቺን ቬፕ ከአፉ አላወጣትም፤ ይስባል፣ ያወራል፣ ይስባል። ትንሽ ቆይቶ «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብሎ ሄደ። ሲመለስ ማስቲካ እያኘከ ነው።

ልዕልት አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።

«ምናሉ፣ ስንት ታጨሳለህ?»

«ነገርኩሽ እኮ።»

«አባቴ ጋራዥ ውስጥ ተደብቆ ነበር የሚያጨሰው» አለች። «ቅርንፉድ እያኘከ ነው ወደ ቤት የሚገባው። ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገርም። ሳሉ ሲብስበት ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ስንት ታጨሳለህ ብሎ ጠየቀው። አስተርጓሚዋ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነበረች። አባቴ እሷን አየና ‹ለበዓል አንዳንዴ› አለ። ሐኪሙም ያንን ይዞ የጉንፋን መድኃኒት ሰጥቶ አሰናበተን። እውነቱን ሲያውቁት ጊዜው አልፎ ነበር።»

ምናሉ ማኘኩን አቆመ።

«ከአንተ የምፈልገው ማጨስህን መተው አይደለም። እሱ የራስህ ጉዳይ ነው። ቁጥሩን ብቻ ነው የምፈልገው። ቁጥሩን ከማይነግረኝ ሰው ጋር መኖር አልችልም፤ አንዴ ኖሬዋለሁ።»

 ከዚያ ምናሉ «ልሸኝሽ» አላትና ቤቷ ድረስ አደረሳት። ቁጥሩን ግን አልነገራትም።

ከዚያ በኋላ ጠፋ። በሩ ይከፈታል፣ እሱ አይደለም። ልዕልት በራሷ ተናደደች፤ ገና ምኑም ሳይያዝ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ደግሞ ትመለስና ተገቢ ነው ትላለች። ናፈቃት፤ ቁርጡ እሱ ነው።

በረዶ የጣለ ማለዳ፣ ሱቁን ገና እንደከፈተች፣ ምናሉ ገባ። ማስቲካ የለም። ልብሱ ሲጋራ ሲጋራ ይላል። ባንኮኒው ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ አስቀመጠ፣ ቢጫ ጣቶቹን ሳይደብቅ።

«አንድ ፓኮ» አለ። «ከባድ ቀን ከሆነ ከዚያ በላይ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ፣ ሳላማትብ ነው የማበራው።»

ልዕልት የያዘችውን ቁልፍ አስቀመጠች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈረንጅ ብትሆኚ የዚያኑ ቀን እነግርሽ ነበር። መጀመሪያ ሐበሻ ስለሆንሽ አፈርኩ። በኋላ ደግሞ አንቺ ስለሆንሽ አፈርኩ።»

 ልዕልት ከላይኛው መደርደሪያ አሥራ ስምንት የሚለውን ጠርሙስ አውርዳ ቬፑን ሞላችለት።

«ቀስ ብለህ ሳብ። ይሄ እንደ በፊቱ አይደለም። ሁለት ሦስቴ ሳብና ጠብቅ፤ ካዞረህ ተው።»

ሳበ፣ አሳለው፣ ጠበቀ። ደግሞ ሳበ። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀምጦ የሆነ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ።

«ዝም አለ» አላት እየተገረመ።

«ምኑ?»

«ደረቴ ውስጥ ሲጮህ የነበረው። እስከ ዛሬ እኮ ጣዕሙ ነው እያልኩ ስቀያይር ነበር።»

«ጣዕሙ ምን አደረገህ!» አለችና ሁለቱም ሳቁ። ሲስቁ እጁን ያዘችው። ቢጫዋ ቦታ ላይ።

ሲጋራው የተቋረጠው በዚያ ክረምት ነው። ፀደይ ሲገባ ወደ አሥራ ሁለት ወረደ፤ ሲወርድ ለጥቂት ቀን ነጭናጫ ሆኖ ከትራፊክ መብራት ጋር ሳይቀር ተጣላ። በሚቀጥለው መኸር ስድስት ላይ ደረሰ፣ ይሄኛው የእውነት ስድስት ነው። ምናሉ እወድሻለሁ ያላት ያን ጊዜ ነው፤ እሷ ግን ከበረዶው ማለዳ ጀምሮ ታውቀው ነበር።

«ሽማግሌ ልልክ ነው» አላት።

«ለሽማግሌዎቹ ንገራቸው። ስለ ሲጋራውም፣ ስለ ቬፑም።»

«ለትልቁ ሽማግሌ ለጋሽ ወልደገብርኤል ነግሬያቸዋለሁ። ‹እሱን ለእኛ ተወው› አሉኝ።»

ልዕልት ይሄ አነጋገር ደስ አላላትም።

ሽማግሌዎቹ ግሪን ቫሊ ራንች ወዳለው የወይዘሮ አበዛሽ ቤት የመጡት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ነበርና ሦስቱም መንዳት ፈሩ። ማን ያምጣቸው? ሸትል ነጂው ራሱ። ምናሉ አማቱን ሊለምኑለት የመጡትን ሽማግሌዎች በር ላይ አወረደና፣ እንደ ወጉ ቤት መግባት ስለማይገባው ሞተሩን እንዳስነሳ ቫኑ ውስጥ ተቀመጠ።

ልዕልት ኩሽና ሆና ሁሉንም ትሰማለች። ጋሽ ወልደገብርኤል ቆመው ተናገሩ፣ አስቀመጧቸው፣ እንደገና ተናገሩ። ልጃችን ሠራተኛ ነው፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው። ወይዘሮ አበዛሽ እያዳመጡ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ።

«መኪናችሁ ይጨሳል እንዴ?» አሉ።

ጋሽ ወልደገብርኤል ዞር ብለው አዩ። በቫኑ መስኮት ነጭ ደመና እየወጣ ነው።

«ብርዱ ነው፣ ወይዘሮ አበዛሽ። የመኪና ትንፋሽ ነው።»

«እንጃ። ከሹፌሩ በኩል ነው የሚወጣው።» ከመስኮቱ ዞር ብለው ጠየቁ። «ሱስ አለበት?»

«ኧረ በፍጹም! ሲጋራ የሚባል በእጁ ነክቶ አያውቅም።»

ልዕልት የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ‹ለበዓል አንዳንዴ› የሚለው ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። ለጥሩ ብለው ነው፣ ታውቃለች፤ ሽማግሌ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያመሰግነው። ግን ይሄ ጋብቻ በዚህች ቃል ከተጀመረ ጋራዡ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በጋራዡ በር ወጥታ በነጠላ ጫማ በረዶውን ረግጣ ቫኑ ጋ ደረሰች።

«ሲጋራ በእጁ ነክቶ አያውቅም ብለው ነገሯት» አለችው።

ምናሉ አያት። ሞተሩን አጠፋ።

ሲገባ ሦስቱም ሽማግሌዎች እንደ አንድ ሰው ብድግ አሉ። ሽማግሌ የላከ ልጅ ራሱ በሽምግልናው መሀል ሲገባ አይተው አያውቁም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወይዘሮ አበዛሽ» አለ ምናሉ በሩ ላይ ቆሞ። «አጨስ ነበር። በቀን አንድ ፓኮ። ሲጋራውን ካቆምኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ከኒኮቲኑ ግን ገና አልወጣሁም። ያዩት ጭስ የእኔ ነው።»

«ልጁ ብርድ መቶት ነው» አሉ ጋሽ ወልደገብርኤል ተስፋ ባለመቁረጥ።

ወይዘሮ አበዛሽ ግን ከምናሉ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም። «ማን ነው ያስተወህ?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አለች ልዕልት ከኋላው። «ሥራዬ ነው። የስልክ ዕቃ ሱቅ አይደለም የምሠራው።»

«እሱን አውቃለሁ። ቻርጀሩ ላይ የሌላ ሱቅ ዋጋ ተለጥፎ ነበር።»

 ወይዘሮ አበዛሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አባትሽ ጋራዥ ውስጥ ሲያጨስም አውቅ ነበር» አሉ በቀስታ። «ሐኪሙ ሲጠይቀው አጠገቡ ቆሜ ነበር። እሱ ለሐኪም ያልተናገረውን ይሄ ልጅ ለአማቱ ተናገረ።» ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉና ወደ ምናሉ ዞሩ። «ኒኮቲኑስ አሁን ስንት ደረሰ?»

«ስድስት ላይ።»

«ስድስት ብዙ ነው?»

«ከአሥራ ስምንት ነው የወረደው፣ እማዬ» አለች ልዕልት። «ቀጥሎ ሦስት ነው። ከዚያ ዜሮ።»

ወይዘሮ አበዛሽ ነገሩን ገበያ ላይ እንደቀረበ ዕቃ አገላብጠው አሰቡበት። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ።

«በወጉ ቀጠሮ መስጠት አለብን። እንግዲህ ሦስት ላይ ሲደርስ ተመልሳችሁ ኑ፤ ሰርጉን ዜሮ ላይ እናደርገዋለን።»

ጋሽ ወልደገብርኤል ግራ ገባቸው። «ቀኑ መቼ ነው ታዲያ?»

«እሱን ልጄን ጠይቋት። ሙያዋ ነው።» ወይዘሮ አበዛሽ ለምናሉ በእጃቸው ከአጠገባቸው ያለውን ወንበር አሳዩት። «አንተ ደግሞ ጫማህን አውልቅና ቁጭ በል፤ ምንጣፌን በረዶ አደረግከው።»