ያለ ገፊ ወደ ኋላ የሄደችው መኪና

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ፣ ወዳጄ፣ ያውም ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ፣ የማይገባው ነገር ሲገጥመው ደስ የሚለው ዓይነት፣ ምክንያቱም ያልገባኝን ሁሉ ነገ ጠዋት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስትና በቀመር የማስረዳው ይመስለኝ ነበር። ተማሪዎቼ በሐረር ግንብ ኤረር በር አካባቢ ሲመሽ ሰው በስሙ የሚጠራ ድምፅ አለ ብለው ቢነግሩኝ ስለ ገደል ማሚቶ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተማርኳቸው። ስለዚህ የምነግርህን ስትሰማ፣ ይሄ ሰውዬ ድሮም እንዲህ ዓይነት ነገር ይወዳል ብለህ እንዳታስብ፣ አልወድም፣ አላምንምም፣ ችግሩ እዚያ መኪና ውስጥ መሪውን ይዤ የተቀመጥኩት እኔ መሆኔ ነው።

ጊዜው ደርግ ነው። ከግንቡ ውጪ፣ በአዲሱ ከተማ፣ እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ባላቸው ከአገር ከሚወጣ አንድ የውጭ ነጋዴ የገዟት የአሜሪካ ሥሪት መኪና ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር፣ አሮጌ፣ ግን ኦቶማቲክ። ሐረር ያኔ የፔጆ ከተማ ናት፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ ማስገባት ነው፣ ሁለት ፔዳል ብቻ ያላት መኪና ለሰፈሩ መሳቂያ ነበረች፣ ጫት የሚሸጠው ጎረቤታችን አብዲ "አቦ፣ ይቺ ሽባ ዛሬስ ተነሳች?" ሳይለኝ አልፎ አያውቅም።

እትዬ በላይነሽ አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፣ ሲሳይ። ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ከከተማው ዳር ባለው ጦር ሰፈር ይሠለጥን ነበር፣ ወደ ቤት መምጣት አይፈቀድለትም፣ እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸው ከበር በላይ አያስኬዳቸውም። አንድ ቀን ጠሩኝና "መምህር፣ ወደ ሰሜን ሳይወስዱት አንድ ጊዜ ዓይኑን ልየው፣ ሌላ አልጠይቅህም፣ ይቺን መኪና አስነሳልኝ" አሉኝ። አስነሳለሁ አልኩ። ያን ጊዜ እኮ እምቢ የሚል ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

የመኪናዋ ችግር ሁለት ነበር፣ እኔም እንደ ልማዴ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን አልነካሁም። የመጀመሪያው የሙቀት መለኪያው ነው፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ መርፌው ቀዩ ላይ ይወጣል። ሞተሩ ላይ የተሰካች፣ የውሃውን ሙቀት የምታነብ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ነሐስ አለች፣ ዛሬ ሴንሰር የምንላት ማለት ነው፣ ሽቦዋን ከነቀልክ መርፌው "ቀዝቃዛ" ላይ ይተኛል፣ የሽቦውን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር ካነካካህ "ትኩስ" ላይ ይወጣል፣ እንዲህ ቀላል ነው። ሴንሰሯ ሞታለች፣ መለዋወጫ ደግሞ በዚያ ዘመን ከየት ይመጣል፣ ስለዚህ ሽቦዋን ነቅዬ ጫፉን በጥቁር ፕላስተር ጠቅልዬ አሰርኩት። ሁለተኛው ካምቢዮው ነው፣ የማርሽ ሳጥኑ ማለት ነው፣ ወደፊት ማርሽ ላይ ስታደርገው ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናዋ አትሄድም፣ ዘይቱን ሳየው ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ሽታ አለው፣ ጎድሏልም። ካምቢዮውን ፈትቼ አጠብኩ፣ ከድሬዳዋ ዘይት አስመጣሁ፣ ግቢው ውስጥ ወደፊትም ወደኋላም አስኬድኳት፣ እመነኝ፣ እንደ ቅቤ ነበር የምትሄደው።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አብዲ ሮጦ መጣ።

"መምህር፣ ካሚዮኖቹ ተደርድረዋል፣ ወታደሩ እየተጫነ ነው፣ ሳይመሽ ይወጣል አሉ።"

ቤንዚን ከጠፋ ሰንብቷል፣ ታክሲ የሚባል መንገድ ላይ የለም፣ እኛ ግን ለዚህ ቀን ብለን ያስቀመጥነው ነበረን። እኔና አብዲ እትዬ በላይነሽን ደግፈን ከኋላ ወንበር አስቀመጥናቸው፣ ለልጃቸው የሠሩትን ሹራብ ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። ከግቢው ወጣን። መንገዳችን እስከ አስፋልቱ ድረስ ቁልቁለት ነው፣ ጦር ሰፈሩ ከዚያ ሩቅ አይደለም፣ "ደረስን እኮ እትዬ" አልኳቸው።

ያኔ ነው መርፌው የተነሳው። ቀስ እያለ፣ እንደሚያስብ ሰው እየቆመ፣ ወደ ቀዩ ሄደ። አቆምኩ፣ ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ሽቦው እንደታሰረ ነው፣ ፕላስተሩም አልተነካም፣ ራዲያተሩን በመዳፌ ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። ያልተገናኘ ሽቦ ምንም ሊናገር አይችልም፣ ይህን ለዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። ተመልሼ ስገባ መርፌው ቀዩ መጨረሻ ላይ ነው፣ ሳየው ሞተሩ ጠፋ፣ ከመኪናዋ ሥር "ቀጭ" የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ማርሹ ፓርክ ላይ ሲገባ ጎማውን የሚቆልፈው ጥርስ እንደሚያሰማው ማለት ነው። የማርሹ ዘንግ ግን ወደፊት እንደተደረገ ነው።

ቁልፉን ባዞር እምቢ አለች። አብሮን የወጣው አብዲ ከጊደር መጋላ ገበያ የሚመለሱ ሸክም የሚሸከሙ ወጣቶች ጠራና መኪናዋን ከበቧት።

"ወሪያ ግፉ! መምህር፣ በሁለተኛ ልቀቃት!"

"ሁለተኛ የላትም፣ ፍሪሲዮን የላትም፣ ኦቶማቲክ በመግፋት አይነሳም፣ የካምቢዮው ፓምፕ የሚዞረው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው።"

"አቦ፣ ትምህርቱን ነገ ታስተምረናለህ፣ አሁን መሪ ያዝ" አለኝ፣ ልጆቹም ሳቁ።

እውነቱን ነው፣ ቢያንስ ቁልቁል ገፍተን አስፋልቱ ላይ ልናደርሳት እንችላለን ብዬ ማርሹን ነጻ ላይ አደረግሁት። ገፉ። አልነቃነቅ አለች። እንደገና ቢስሚላሂ ብለው ገፉ፣ ያን ሁሉ ሸክም የለመዱ ትከሻዎች፣ በቁልቁለት፣ መኪናዋ ግን የተተከለች ትመስላለች። ትንፋሽ ሊወስዱ ለቀቋትና መንገዱ ዳር ቆሙ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ማንም ሳይነካት፣ ሞተሯ እንደጠፋ፣ መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች። ዳገቱን። ከሰው እርምጃ አትፈጥንም፣ ድምፅ የላትም። ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረገጥኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ምንም። በመስታወቱ እትዬ በላይነሽን አያቸዋለሁ፣ ሹራቡን በሁለት እጃቸው ይዘው አስፋልቱ ሲርቃቸው ያያሉ።

"አቁማት ልጄ" አሉኝ በለሆሳስ።

"እሺ እትዬ" እላለሁ፣ ፍሬኑን ደጋግሜ እየረገጥኩ።

ግቢው ገብታ ድሮ የምትቆምበት ቦታ ላይ ቆመች። አብዲ ተከትሎን ገባ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። "ጎማዎቹ አልዞሩም መምህር፣ ወላሂ ጎማዎቹ አልዞሩም" አለኝ። መሬቱን አየሁ፣ አቧራ ነው፣ ስንወጣ የተጫነው የጎማ ዳና ጥርት ብሎ ይታያል፣ ወደ ኋላ የተጎተተ ጎማ ሊያበላሸው ይገባ ነበር፣ አልተበላሸም።

የካሚዮን ድምፅ ያን ጊዜ ነው የተሰማው። አብዲና ልጆቹ እትዬ በላይነሽን ከቤት ባወጡት ወንበር ላይ አስቀምጠው ከነወንበሩ ተሸክመው ቁልቁል ሮጡ፣ እኔም ሹራቡን ይዤ። መንገዱን ሳናጋምስ ታች አስፋልቱ ላይ ማለፍ ጀመሩ፣ ሸራ የለበሱ፣ ተከታትለው፣ ወታደሮቹ ይዘፍናሉ፣ ፊት አይለይም። "የትኛው ላይ ነው?" ይሉኛል እሳቸው፣ ደጋግመው፣ "መምህር፣ የትኛው ላይ ነው?" የመጨረሻው ካሚዮን ቀይ መብራት ሲጠፋ እንኳን ወንበሩን ያወረደው ሰው አልነበረም፣ ልጆቹ እንደተሸከሟቸው ቆመው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ ቁልፉን እንዳዞርኩ ተነሳች። መርፌው ቀዝቃዛው ላይ ተኝቷል። አስፋልቱ ድረስ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሜ ሄድኩ። ድሬዳዋ ወስጄ ኦቶማቲክ የሚያውቅ መካኒክ አሳየሁ፣ ሥሯ ገብቶ ቆይቶ ወጣና "ምንም የላትም፣ ካምቢዮውን ማን ነው የሠራው? ጎበዝ ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሲያሞግሰኝ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሲሳይ አልተመለሰም። ከወራት በኋላ ግን አብሮት የዘመተ ወታደር በክራንች እየተደገፈ ግቢያችን መጣ። ሲሳይ እዚያው መቅረቱን ነገራቸው። እትዬ በላይነሽ ብዙ ካለቀሱ በኋላ "ሳልሸኘው" አሉ፣ "ዓይኑን ሳላየው።"

ወታደሩ ግራ ገብቶት አያቸው። "እንዴት እማማ? ሸኝተውት የለም እንዴ። ይቺው መኪና እኮ ናት፣ የእኛ ካሚዮን የመጨረሻው ነበር፣ እስከ ዓለማያ ሐይቅ ድረስ ከኋላችን ተከትላን፣ እርስዎ ከኋላ ተቀምጠው እጅዎን ሲያወዛውዙለት። ሲሳይ እስኪሞት ድረስ ሌላ ወሬ አልነበረውም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ሹፌሩ ደግሞ አንተ መሰልከኝ።"

እትዬ በላይነሽ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ፣ ያልገባው ተማሪ አስተማሪውን እንደሚያይ፣ ማስረዳት እንደምወድ ያውቃሉ።

"ታዲያ መምህር" አሉኝ፣ "እኔ ለምን አላስታውሰውም?"